የተሳለ ፊርማ

መስከረም 24

ይድረስ ለድሮው የዩኒት መሪዬ፣ ለጆሮዬ ባላንጣ፣ ለጋሼ፤

ሰላምታዬ ከራስ ጠጉርዎ ተነስቶ እስከ እግር ጥፍርዎ ይውረድ፤ እጅዎ ላይ ሲደርስ ብቻ ዱላ መኖር አለመኖሩን አጣርቶ ይለፍ። እኔ ቁንጫ ደህና ነኝ። ትምህርት ቤቱም ደህና ነው፣ አልተቃጠለም። ከእኔ ጤና በፊት የሚጠይቁት እሱን እንደሆነ አውቃለሁ።

አዎ፣ ቀጠሩኝ። ርዕሰ መምህሯ እርስዎ የጻፉላትን ደብዳቤ ሁለቴ አነበበችና በመነጽሯ ላይ አሻግራ አየችኝ። «እኚህ ሰውዬ በሦስት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ እንዳባረሩሽ ጽፈዋል። ወረድ ብለው ደግሞ ‹ለዚህ ሥራ ከእሷ የተሻለ ሰው አታገኙም› ይላሉ። ምን ማለታቸው ነው?» አለችኝ።

«እትዬ፣ በዚህ ግቢ ልጅ የሚደበቅበትን ስርቻ ሁሉ የማውቀው እኔ ነኝ ማለታቸው ነው» አልኳት። ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ፈረምኩ።

የሥራዬ ስም ከቁመቴ ይረዝማል፦ የሕፃናት ደኅንነትና ጥበቃ ረዳት። ስምንተኛ ክፍልን ከመሃል ጥላ ለወጣች ልጅ ይህን ያህል ስም ማሸከም ግፍ ነው። ሰፈር ውስጥ ስጠየቅ ግን አንድም ቃል አላስቀርም። የሁለት ሳምንት ሥልጠና ሰጥተውኛል፤ አንድም ቀን አልቀረሁም። ምስክር አለኝ።

ቢሮዬ የት እንደሆነ ይገምቱ። የእርስዎ የድሮ ቢሮ! እኔ ተንበርክኬ ያደግሁበት ጥግ ላይ አሁን ምንጣፍና ሁለት ትራስ አለ፤ ልጆች ቁጭ ብለው ሥዕል ይሠሩበታል። ጉልበቴ ምንጣፉን ሲያይ «እስካሁን የት ነበርክ?» ብሎ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ዱላዎ ይንጠለጠልበት የነበረው ምስማር ላይ የእኔ ቦርሳ ተሰቅሏል።

አለቃዬን «እስክሪብቶ» ብያታለሁ፤ ከእጇ ስለማይጠፋ። ልጅ ሲያስነጥስ ቀኑንና ሰዓቱን ትጽፋለች። ግድግዳው ላይ ደንብ በትልልቅ ፊደል ለጥፋለች። ሦስተኛው «‹ለማንም አልናገርም› ብለሽ ለልጅ ቃል አትግቢ» ይላል። ለምን ስላት «አንድ ቀን መናገር ግድ ይሆንብሻል፤ ያን ቀን ልጁ ሁለት ጊዜ ይጎዳል» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። የገባኝ መስሎኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ በር ላይ ነኝ። የኬጂ ልጅ ለትልቅ ሰው ካልሆነ አይሰጥም፤ የሚወስደው ሰው መዝገብ ላይ ይፈርማል። ታላቅ እህት ወይም ወንድም የሚወስደው ከሆነ ወላጅ በየሰኞው ወረቀት ፈርሞ ይልካል። ትናንት አንድ አባት መታወቂያ ስጠይቀው ፊቱን ከልጁ ፊት ጋር ገጥሞ «ከዚህ ወዲያ ምን መታወቂያ ትፈልጊያለሽ?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አፍንጫቸው አንድ ነው። መታወቂያውን ግን አመጣ።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። «ስልክ አልወድም፣ ጻፊልኝ፣ ጽሑፍሽን አርምልሻለሁ» ብለው ሁለት ዓመት ሙሉ ደብዳቤዬን በቀይ አቅልተው ሲመልሱልኝ ኖረዋል። ያለፉት ሁለቱ ግን አንድ ቀይ ነጥብ ሳይነካቸው ቀሩ። ወይ እኔ ተምሬአለሁ፣ ወይ እርስዎ ታመዋል። እኔ አልተማርኩም።

አስቸጋሪዎ ቁንጫ


ጥቅምት 7

ለጋሼ፤

እንደምን ሰነበቱ? «ዓይኔ ደህና ነው፣ አቧራ ገብቶበት ነው» ያሉትን አነበብኩ። አቧራው ስንት ወሩ ነው? ደብዳቤውን የልጅ ልጅዎ የጻፈችው ደግሞ እጅዎን ስለሚቆረጥምዎት ነው። እሺ። ስለ ፊርማዎ ግን መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

የጠየቁኝን ልመልስ። አዎ፣ በሰዓቱ እገባለሁ። የለም፣ የማንንም ወንበር በማስቲሽ አልቀባሁም። የልጆቹን ስም ግን አልነግርዎትም። በእኛ ሥራ ስም ከክፍሉ አይወጣም። እርስዎም የማወቅ ፍላጎትዎን አይወጡትም፤ ይቺ ለአራቱ መባረሬ ትሁንልኝ።

ስለዚህ እሷን ኮሎኔል ብዬ ልጥራት። አራተኛ ክፍል ናት። ቁመቷ ከበር እጀታ ብዙም አይበልጥም፤ ሰልፍ ላይ ግን ዓይኗን ያየ ልጅ ሁሉ ቀጥ ይላል። መጀመሪያ ቀን ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና «አንቺ ነሽ አዲሷ? ባጅሽ ተገልብጧል» አለችኝ። እውነትም ተገልብጦ ነበር። ታናሽ ወንድሟ ኬጂ ነው፤ የቀሚሷን ጫፍ ለቆ ስለማያውቅ ጭራ ብዬዋለሁ።

ጭራን የምትወስደው እሷ ናት። የሰኞ ወረቀቷ ላይ ሁልጊዜ የእናትየዋ የጣት አሻራ ነበር፤ እናታቸው መጻፍ አይችሉም። የዛሬ ሳምንት ግን ወረቀቱ ፊርማ ይዞ መጣ። ዛሬም እንዲሁ። አውራ ጣት በአንድ ሳምንት ፊርማ አይማርም።

ደግሞ ፊርማው! ጋሼ፣ የተፈረመ ፊርማ ይሮጣል። የተሳለ ፊርማ ግን መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ቆሞ ያስባል፤ እዚያች ጋ ቀለሙ ትንሽ ያብጣል። ከየት አወቅሽ እንዳይሉኝ። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ የእርስዎን ፊርማ በመውጫ ፈቃድ ላይ ስድስት ጊዜ ስዬዋለሁ። ይኸው ተናዘዝኩ፤ ከዚያ ሆነው ጆሮዬን አይደርሱበትም።

ምሳ ሰዓት ላይ ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኳት።

«ኮሎኔል፣ ይሄን ማን ፈረመው?»

«እናቴ።»

«እናትሽ ሲፈርሙ ምላሳቸውን ያወጣሉ?»

ወረቀቱን በመዳፏ ሸፈነችው።

«እኔ ግን አወጣ ነበር» አልኳት፣ «ስሥል።»

ከት ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ከመሃል ተቆረጠ። «ለማንም አልናገርም ካልሽ እነግርሻለሁ» አለችኝ።

ደንቡ ልክ ከራሷ በላይ ተለጥፏል። አየሁት፤ እሱም አየኝ። «ለማንም አልናገርም» አልኩ።

እናታቸው እግራቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ከተኙ አሥራ አንድ ቀን ሆኗል። ጎረቤት ልትጠብቃቸው ነበር። ኮሎኔል ግን ሴትየዋ በስልክ «አንዱን እንጂ ሁለቱን አልችልም፣ ሌላውን ወደ ማሳደጊያ ይውሰዱት» ስትል ሰማች። ወዲያው ዘዴ ፈጠረች። ለጎረቤቷ «አክስታችን መጥታለች» አለቻት። ለእናቷ በስልክ «ጎረቤታችን እኛ ጋ ታድራለች» አለቻቸው። ሁለቱም አመኑ። ከዚያ ወዲህ ጭራን ማጠቡ፣ ማብላቱ፣ ማስተኛቱ የእሷ ነው። የራሷን ጣት ቀለም ነክራ ያላተመችው ትንሽነቷ ያስታውቃል ብላ ነው። ይህን ስትነግረኝ በኩራት ነበር። «እንዳይለያዩን ነው» ስትል ግን ኮሎኔልነቱ ጠፋ፤ አሥር ዓመቷ ብቻ ሆነች።

ሦስት ሰዓት ሙሉ ቃሌን እንደ ማስቲካ ሳላምጥ ቆየሁ። መውጫ ላይ ጭራን ሳይ እጁ በጨርቅ ተጠምጥሟል። እህቱ ሻይ ስታፈላ ማንቆርቆሪያው አቃጥሎት ነው፤ ቀለል ያለ ነው፣ እሷው አስራለታለች። አስተሳሰሯ እንደ ነርስ ነው። ቀጥ ብዬ ወደ እስክሪብቶ ሄድኩና ዘረገፍኩት። አልጮኸችም። ሰዓቷን አይታ «ሦስት ሰዓት ዘግይቷል» ብላ ጻፈች። ከዱላዎ ይልቅ ያቺ ጽሑፍ አመመችኝ።

ኮሎኔል ስትወጣ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺም ትልቅ ሰው ነሽ ለካ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሰላምታ የለም።

ለጊዜው ሁለቱም የኬጂ መምህሯ ቤት ናቸው። እናትየዋ ሲጠየቁ «ዘመድ የለኝም» ብለዋል። እስከ ጥቅምት 22 አንድ ዘመድ ካልተገኘ ኮሎኔል ጎረቤቷ ጋ፣ ጭራ ወደ ማሳደጊያ። እንዳይሆን የፈራችው ሊሆን ነው፤ ያስጀመርኩት ደግሞ እኔ። ምን ልበላት?

ቁንጫ

ስለ ፊርማዎ፦ የተሳለ ነው። ማን እየሳለልዎት ነው?


ጥቅምት 14

ለቁንጫ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጤንነቴን ተይው፣ ስለ ልጅቱ ልናገር።

ይቅርታ ጠይቂያት። በምን እንደሆነ ግን ለይተሽ ጠይቂ። በመናገርሽ አይደለም፤ መናገርሽ ልክ ነው፤ ነገም ተመሳሳይ ነገር ቢገጥምሽ ትናገሪያለሽ። ይቅርታው የማትጠብቂውን ቃል በመግባትሽ ነው። ሁለቱን ብታደባልቂ እሷም ታደባልቃቸዋለች፤ ወደፊትም ለማንም አትናገርም። በቁመቷ ልክ ዝቅ ብለሽ ንገሪያት። ቀልድ አትጨምሪ። አንድ ብቻ ጨምሪ፣ አለዚያ አንቺ መሆንሽን አታምንም።

ሌላው፦ ስድስት አይደለም፣ ሰባት ነው። እየቆጠርሁ ነበር። የመጀመሪያውን ሳየው ቆንጆ ነው ብዬ ሳቅሁ። ሰባተኛው ላይ ገረፍሁሽ። «ማን ፈረመው?» ብዬ ጠየቅሁሽ። «ወዴት ነው የምትሄጂው?» ብዬ ግን አንድ ቀን አልጠየቅሁሽም። እናትሽ ያን ጊዜ ሦስት ወር ሙሉ አልጋ ላይ እንደነበሩ የሰማሁት አንቺ ትምህርት ካቆምሽ በኋላ ነው። ለርዕሰ መምህሯ ያን ደብዳቤ የጻፍሁት የምትደበቂበትን ስርቻ ስለምታውቂ አይደለም። ልጆች ለምን እንደሚደበቁ ስለምታውቂ ነው።

አጻጻፍሽ ላይ ያሉትን ስሕተቶች በሌላ ጊዜ አርማለሁ።

የድሮው የዩኒት መሪሽ

ቁንጫ፣ እኔ ጸሐፊዋ ነኝ፣ ሰባተኛ ክፍል። አያቴ ሰባተኛውን ሲያወሩ ሁለት ጊዜ ውሃ ጠጡ። ስለ ዓይናቸው እንዳልጽፍ ተከልክያለሁ። ትናንት ግን በሩን ገጩት፤ ዛሬም ገጩት። ስለ በሩ እንዳልጽፍ አልተከለከልኩም። ፊርማውን የምስለው እኔ ነኝ። እንዴት አወቅሽ?


ጥቅምት 23

ለጋሼና ለጸሐፊዎ፤

እልልታዬ እዚያ ድረስ ካልተሰማ እውነትም ጆሮዎም ታሟል ማለት ነው!

በተራ ልንገርዎት። እንዳሉኝ ዝቅ ብዬ ነገርኳት። «ቃል የገባሁልሽ ስሕተት ነው፤ ይቅርታ። የተናገርኩት ግን ስሕተት አይደለም» አልኳት። «አንዷን ቀልድ» ደግሞ እንዲህ አደረግኳት፦ ባጄን ሆን ብዬ ገልብጬው ነበር። እጇን ዘርግታ አቃናችልኝ። «ማርኩሽ» አላለችም። ግን አቃናችልኝ።

እንግዲህ ልጅቱን ሁሉም ሰው ሲጠይቃት ሰንብቷል። ርዕሰ መምህሯ «ለምን?» አለቻት። ከማኅበራዊ ጉዳይ የመጣው ሰውዬ «እስከ መቼ ልትደብቂ ነበር?» አላት። እስክሪብቶ «ምን በላችሁ?» አለቻት። እኔ ግን አንድ ነገር ሲከነክነኝ ነበር፤ ፊርማ ስሎ የማያውቅ አይጠይቀውም። ሰው ከባዶ ፊርማ አይስልም። ፊት ለፊት የሚያስቀምጠው ነገር አለ።

«ኮሎኔል፣ ከየት ኮረጅሽው?» አልኳት።

ዓይኗ ቦግ አለ፤ ሙያዋን የሚያውቅላት ሰው አግኝታ። «ከእናቴ ሳጥን ውስጥ ካለ የልብስ መረከቢያ ወረቀት ላይ ነው። ‹መ›ዋ ላይ ያለችው ቀለበት ታስቸግራለች።»

«የማን ፊርማ ነው?»

«የአክስቴ። ልብስ ሰፊ ናት። እናቴ ግን ስሟ እንዳይነሳ ብላለች፣ ተጣልተዋል።»

ጋሼ፣ ከወንበሬ ዘልዬ ተነሳሁ፤ ቁንጫ ያሉኝ በከንቱ አይደለም። ለጎረቤቷ «አክስታችን መጥታለች» ያለችው ከአየር ላይ አልነበረም፤ ለካ አክስት አለች! ወረቀቱ መጣ። ከፊርማው በላይ የልብስ ስፌት ቤቱ ማኅተም ከነሰፈሩ አለ። እስክሪብቶ እናትየዋ አልጋ ድረስ ሄዳ አማከረቻቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ አለች። ከዚያ «ትምጣ» አሉ። አንድ ቃል ብቻ። እስክሪብቶ ጻፈቻት።

አክስትየዋ ትናንት መጣች፤ ሜትሯ አንገቷ ላይ፣ ደረቷ ላይ አራት መርፌ ተሰክቶ። የአንዷን ደንበኛ ቀሚስ በአንድ እጅጌ ትታ ነው የመጣችው። የማኅበራዊ ጉዳዩ ሰውዬ «ሁለቱንም መውሰድ ይችላሉ?» ሲላት «እና ከመሃል ልቆርጣቸው ኖሯል?» አለችው። መዝገቡ ላይ ፈረመች። ሮጠ፣ ጋሼ! ፊርማው ሮጠ! «መ»ዋ ላይ ያለችው ቀለበት እንደ ሽክርክሪት ተሽከረከረች። ኮሎኔል በጣቶቿ ጫፍ ቆማ በአክስቷ ትከሻ ላይ ታይ ነበር። «አሃ፣ ከታች ነው ለካ የሚጀመረው» አለች።

አክስትየዋ ዞረች። «አንቺ፣ የእኔን ፊርማ የፈረምሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ከእኔ ያምራል» አለችና አቀፈቻት። ኮሎኔል አለቀሰች፤ ጭራ ደግሞ እህቱ ስላለቀሰች አለቀሰ፤ ከዚያ አክስቲቱ ላይ የተሰካው መርፌ ጠቀጠቀውና የምር አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም። እስክሪብቶ «አልቅሳለች» ብላ ብትጽፍ እንዳያምኗት።

ስለ ሰባተኛው የጻፉልኝን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አራተኛውን አልቻልኩም፤ ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገባ።

ያን ጊዜ ከትምህርት ቤት ስወጣ የምሄደው ወደ እናቴ ነበር፣ አዎ። መድኃኒቷን በሰዓቷ ለመስጠት። ብጠየቅ ግን አልናገርም ነበር፣ ራስዎን አይብሉ። ኮሎኔልም ካልተያዘች አትናገርም ነበር። የያዝኳት ዕለት ጠላችኝ፤ አሁን ግን ትከሻዋ አንድ ጣት ያህል ወረድ ብሏል፤ ቀሎታል። ስለዚህ እርስዎንም ይዤዎታለሁ። በር የሚያስገጭ አቧራ የለም፤ መቼም ሐኪሙ ዓይንዎ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል ካለ ስንት ጊዜ ሆነው? የፈሩ እንደሆነ ይናገሩ፤ እኔ ለርዕሰ መምህሯ አልናገርብዎትም። ለሁሉም ሰው ግን እናገራለሁ፤ ደንቡን ያውቁታል።

ቁንጫ


ኅዳር 22

ለቁንጫ፤

ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። መስመሩ ዳገት ከወጣ እጄን ውቀሺ፣ ዓይኔን አትንኪብኝ። ሐኪሙ ፋሻውን ሲፈታው መጀመሪያ ያየሁት የልጅ ልጄን ነው። እንዲህ አድጋ ኖሯል? ሁለተኛ ያየሁት በሩን ነው። ከጠረጠርሁት ሰፊ ነው።

ፈርቼ ነበር። ማንም እንዳያውቅ ብዬ ልጄን ዋሸሁ፣ አንቺን ዋሸሁ፣ የልጅ ልጄን አስዋሸሁ። ጸሐፊዬ ደብዳቤሽን ጮክ ብላ ስታነብልኝ እናቷ ደጃፍ ላይ ቆማ ሰማች፤ በነጋታው ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። አስበሽ ያደረግሽው ነው ልል ነበር፤ ግን በዕድል ነው የሆነልሽ።

ያለፉትን ሦስት ደብዳቤዎችሽን አርሜ ልኬልሻለሁ። አርባ ሁለት ስሕተት አለባቸው። «አስቸጋሪዎ» ትክክል ነው፤ አልነካሁትም።

ልጆቹ እንዴት ሆኑ? እናትየዋስ?

ፊርማዬን እዪው። ይሮጣል?


ታኅሣሥ 6

ለጋሼ፤

ይሮጣል! ትንሽ ያነክሳል እንጂ ይሮጣል። ፖስታውን ስከፍተው ያ ሁሉ ቀይ ሲፈስብኝ ደስ ብሎኝ ጮህኩ። እስክሪብቶ ሮጣ መጣች። «ምን ሆንሽ?» «አርባ ሁለት ስሕተት አለብኝ!» አልኳት። ቀኑንና ሰዓቱን ጻፈች።

የጠየቁኝን ልመልስ። አክስትየዋ የስፌት መኪናዋን ጭና እነሱ ቤት ገብታለች። ጭራ አሁን የሁለት ሰው ቀሚስ ጫፍ ስላለው የትኛውን እንደሚይዝ ግራ ገብቶታል። የአሮጌው ጸብ ምክንያት አንድ መጋረጃ ነበር አሉ፤ አሁን በሌላ መጋረጃ እየተጣሉ ነው፤ ቤቱ ደምቋል።

እናትየዋ ትናንት በክራንች ወደ በሩ መጡ። ራሳቸው ናቸው ልጃቸውን ሊወስዱ የመጡት። እኔ የጣት አሻራ ቀለሙን ላቀርብላቸው ብዬ ሳወጣ «የለም፣ እስክሪብቶ ስጪኝ» አሉ። ክራንቻቸውን ለኮሎኔል አስያዙና መዝገቡ ላይ ጎንበስ አሉ። አንዷን ፊደል ጽፈው አረፉ። ሌላዋን ጽፈው አረፉ። ምላሳቸው በከንፈራቸው ጥግ በኩል ብቅ ብሏል። ከኋላ የተሰለፉ ወላጆች አንዳቸውም አላጉረመረሙም።

ሲጨርሱ ኮሎኔል መዝገቡን ወደ ራሷ ሳበች። ዓይኗን አጥብባ፣ አፍንጫዋን ወረቀቱ ላይ ልታስነካ ምንም ሳይቀራት መረመረችው። እያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ቀለሙ አብጧል።

ቀና ብላ አየችኝ። «ይሄ የተሳለ ነው» አለች።

እናትየዋ «አዎ» አሉ፣ «አክስትሽ አልጋዬ ሥር ተቀምጣ እያስያዘችኝ ስሥለው ነው የከረምኩት።»

«እንግዲያው መታወቂያ» አለች ኮሎኔል፣ እጇን ዘርግታ።

ጋሼ፣ ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እናትየዋ በአንድ እግር ቆመው እየሳቁ ቦርሳቸውን በረበሩ፤ አወጡ፤ ሰጧት። ኮሎኔል ፎቶውን አየች፣ ፊታቸውን አየች፣ ፎቶውን አየች። ከዚያ ለእኔ አሳለፈችልኝና «ትክክል ነው፣ ስጫቸው» አለችኝ። ሰጠኋቸው። ሁለቱንም።

በሩን ወጥተው ትንሽ ከሄዱ በኋላ ሮጣ ተመለሰች። የረሳችው ነገር ያለ መስሎኝ ነበር። ባጄን ነካ አድርጋ ትክክል መቀመጡን አየችና «ነገ አንድ ነገር እነግርሻለሁ» አለችኝ። «ምስጢር ነው ግን።»

«ምስጢር አልጠብቅም እኮ፣ ታውቂያለሽ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች፣ «ለዚያ ነው ለአንቺ የምነግርሽ።» ብላ በረረች።

ለልጅዎ፣ ለጸሐፊዎና ለበሩ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። እኔ ዛሬ ስሜን አልፈርምም። ከዚህ በታች ያለውን ፊርማ አዲሱን ዓይንዎን ከፍተው ይመርምሩት። የእርስዎ ነው፤ ግን እርስዎ አልፈረሙትም። ምላሴን አውጥቼ ነው የሠራሁት፤ ወዴት እንደምሄድ ደግሞ ሳይጠይቁኝ ልንገርዎት፦ ትምህርት ለእረፍት ሲዘጋ ወደ እናንተ እመጣለሁ።

ይህ ስምንተኛው ነው።